ሃያ አንድ ቀን ደሴ፣ ሁለት ዓመት ሪያድ

ሰው ዕቃ ገዝቶ በማግስቱ አስተያየት ይሰጣል። የእኔ ዘግይቷል። የምገመግመው ለቤት ሥራ ሳዑዲ ከመሄዴ በፊት ደሴ የወሰድኩትን ስልጠና ነው፤ ያለቀው የካቲት 2015 ላይ ነው። ጥሩ ይሁን መጥፎ ያወቅሁት ግን ከዚያ በኋላ፣ ሪያድ፣ የሰው ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ ነው።

አሁን ተመልሼ ኮምቦልቻ ልብስ እሰፋለሁ። ባለፈው ሰሞን የጎረቤታችን ልጅ መጣችና «እትዬ፣ ያ ደሴ የተማርሽበት ቦታ እንዴት ነው? ልመዝገብ እንዴ?» አለችኝ። ጥሩ ነው ብላት ውሸት ነው። መጥፎ ነው ብላትም ውሸት ነው። ጀበና ጣድኩ። ከአቦል እስከ በረካ ያወራሁላትን ነው እዚህ የምጽፈው።

የማሰልጠኛውን ስም አልጠራም። የላከኝን ኤጀንሲም እንደዚያው። የምለው ነገር ግማሹ ምስጋና፣ ግማሹ እሮሮ ነው። እነሱ በሌሉበት ስማቸውን አንስቼ ማማት ደስ አይለኝም። ደሴን የሚያውቅ ደግሞ ከገለጻዬ ይገባዋል።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ቀሪው አይገባም። አራት ዓመት ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠርቻለሁ። ሱሪ ነበር የምንሰፋው። የእኔ ድርሻ በሱሪው ወገብ ውስጥ የምትገባዋን ትንሽ ነጭ ጨርቅ መስፋት ነበር። ምልክት ምልክት ያለባትን። ቀኑን ሙሉ እሷን ብቻ። ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ከተማችን ገባ፤ ፓርኩም ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። ከቀረጥ ነጻ ይላክ የነበረው ልብስ ገዢ አጣ። የእኛ መስመር ሳይመለስ ቀረ።

ወሎ ውስጥ እንዲህ ሲሆን ሰው ሁለት መንገድ ያውቃል። አንዱ በባቲ አድርጎ፣ አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ፣ ከዚያ በጀልባ የመን ነው። በዚያ የሄዱ ልጆች ከእኛ ሰፈር አሉ። የደወሉት ግን ሁሉም አይደሉም። ሁለተኛው በአውሮፕላን ነው፣ በወረቀት። ታላቅ እህቴ የመጀመሪያውን ሄዳ ነበር። 2006 ላይ ሳዑዲ ከመቶ ስልሳ ሺህ በላይ ኢትዮጵያዊ ስትመልስ አንድ ፌስታል ይዛ ቦሌ ወረደች። እናቴ ያንን ፌስታል እስካሁን አልጣለችውም። እናም «ወረቀት ከሌለው አትሄጂም» አለችኝ፤ ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ከወረቀቱ አንዱ ስልጠናው ነው። ሳይሰለጥኑና ሲኦሲ የምንለውን የብቃት ምዘና ሳያልፉ በሕጋዊ መንገድ ለቤት ሥራ መሄድ የለም።

ማሰልጠኛው ፒያሳ አካባቢ ካለ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሥሩ ሞባይል ጠጋኞች አሉ። ጠዋት ከኮምቦልቻ በሸሚዝ እነሳለሁ። ሐረጎን ስንወጣ ጭጋጉ ይቀበለናል፤ ደሴ ስወርድ ጋቢ ያምረኛል። የክፍሉ አንድ መስታወት ተሰብሮ ካርቶን ተለጥፎበታል። ሠላሳ አራት ሴቶች ነበርን። ከኩታበር፣ ከወረኢሉ፣ ከሐርቡ፣ ከደጋን፣ ከሐይቅ። ወንበሩ ሃያ ስምንት ነው። ቀድማ የመጣች ትቀመጣለች። መጸዳጃ ቤቱ ውሃ የለውም። ንጽህና ሊያስተምሩን ነው እንግዲህ።

አንድ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነበረ። አዲስ ነው፤ ላስቲኩ ራሱ አልተነሳለትም። ውሃ አልገባለትም። በየተራ እየሄድን ማዞሪያውን እናዞራለን። ትክ ትክ ትክ ይላል። ተመልሰን እንቀመጣለን። የልብስ ማጠቢያ ትምህርት ይኸው ነው። ቫኪዩሙ ይሠራል፤ ምንጣፍ ግን የለም፤ ሲሚንቶ ላይ እንነዳዋለን። ማይክሮዌቭ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛዋ ምሳዋን ታስቀምጣለች፤ ስለዚህ እስከ ስድስት ሰዓት መንካት አይቻልም።

እስከዚህ ያለውን ብቻ ካያችሁ አንድ ኮከብ ነው። እሱም ለቫኪዩሙ።

አስተማሪያችን ግን ሌላ ነገር ነበረች። አጠር ያለች፣ በካልሲ ላይ ሰንደል የምታደርግ ሴት። ቤሩትም ጅዳም ሠርታለች። እኛም «እትዬ» ነበር የምንላት። በመጀመሪያው ቀን ወፍራሙን ሞጁል ገለጠችው፣ አንድ ገጽ አነበበችልንና ዘጋችው። «ይሄ ለፈተና ነው። ማታ ማታ ታነቡታላችሁ። ቀን ቀን ለኑሮ የሚሆናችሁን እነግራችኋለሁ» አለች። ሥራ አስኪያጁ በኮሪደሩ ሲያልፍ ሞጁሉ ይገለጣል። ሲሄድ ይዘጋል።

በሦስተኛው ቀን ያለፈ ዓመት ካላንደር ገልብጣ ግድግዳው ላይ ለጠፈችና በማርከር መሳል ጀመረች። ባልዲ የሚመስል ነገር። ሦስት ማዕዘን። ካውያ።

«ባልዲው ውሃ ነው። ውስጡ ያለው ቁጥር የውሃው ሙቀት ነው፤ ከዚያ አታሳልፉት። እጅ ከተሳለበት በእጅ ብቻ ይታጠባል። ባልዲው ላይ ኤክስ ካለ ውሃ አይንካው። ሦስት ማዕዘኑ በረኪና ነው። ኤክስ ካለበት በረኪና ጠላቱ ነው። ካውያው ውስጥ አንድ ነጥብ ካለ ለብ ይበል፣ ሁለት ከሆነ መካከለኛ፣ ሦስት ከሆነ የጋለ።»

እኔ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ዕንባዬ መጣ። ይቺ እኮ የእኔ ጨርቅ ናት! አራት ዓመት ሙሉ በቀን ስንት መቶ ሱሪ ላይ የሰፋኋት። ጠማማ ከሆነች ይፈታል፣ ቀጥ ካለች ያልፋል፤ እኔ የማውቀው ይሄንን ነው። የሆነ አገር ያለ ሰው ሱሪውን ገልብጦ እንደሚያነባት ማንም አልነገረኝም። ሱፐርቫይዘራችንም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሪያድ የደረስኩት ግንቦት ላይ ነው። የቤቱ ማሽን ላይ ያለው ጽሑፍ በሙሉ አረብኛ ነው። ልጅ ሆኜ መድረሳ ስለቀራሁ ፊደሉን አነባለሁ፤ ምን እንደሚል ግን አላውቅም። ማሽኑ ፊት ቆሜ በቁርአን ዜማ «ቁጥን» ብዬ አነበብኩ። ጥጥ ማለት መሆኑን ቆይቼ ነው የሰማሁት። ቁጥሩ ግን ቁጥር ነው። 30፣ 40፣ 60። የልብሱን ጨርቅ ገልብጬ ባልዲውን አያለሁ፣ ማሽኑን አያለሁ፣ አገናኛለሁ። አንድ ቀን የማዳም ትልቋ ልጅ የሠርግ ቀሚስ ቅርጫት ውስጥ ጣለች። ባልዲ፣ በውስጡ እጅ። በእጄ አጠብኩት፣ ጥላ ውስጥ አሰጣሁት፣ በአንድ ነጥብ ተኮስኩት። ማዳም አየችና ምንም አላለችም። ከማግስቱ ጀምሮ ግን የዘመድ አዝማዱ ቀሚስ ሁሉ እኔ ጋ ይመጣ ጀመር። ሽልማት ይሁን ቅጣት እስካሁን አልገባኝም።

ሁለተኛው ትምህርቷ ደመወዝ መጠየቅ ነበር። ይሄ ሞጁሉ ላይ የለም።

እኛ አገር ገንዘብ መጠየቅ ነውር ነው። ያበደርከውን ራሱ ስትጠይቅ ከብቶቹ እንዴት ናቸው ብለህ፣ ልጆቹን ስመህ፣ ቡናውን ጠጥተህ፣ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ነው የምታነሳው። እትዬ ይሄንን ታውቃለች። ወንበር መሀል ላይ አስቀመጠች። ጥቁር መነጽሯን አደረገች፣ እግሯን አነባበረች፣ ስልኳን አወጣች። ማዳም ሆነች። በየተራ እየገባን ደመወዝ እንጠይቃለን።

«ማዳም… ራቲቢ…»

ቀና አትልም።

«ማዳም፣ ራቲቢ።»

«አልሰማሁም! ግድግዳውን ነው የምታናግሪው? ጮክ በይ!»

ከወረኢሉ የመጣች አንዲት ልጅ ሦስት ጊዜ ገብታ ሦስቴም ድምጿ ጠፋ። በአራተኛው ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። እትዬ መነጽሯን አውልቃ አቀፈቻት፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ መነጽሩን አድርጋ «አሁን ግቢ» አለቻት። ልጅቷ ገባች። ጮኸች። ከታች ሞባይል ጠጋኞቹ ሳይሰሙ አልቀሩም።

«አሁን ቡክራ ትላችኋለች» አለች እትዬ። «ነገ ማለት ነው። ቡክራ ስትላችሁ ሹክራን ብላችሁ እንዳትወጡ። ቡክራ፣ ሳዓ ከም? በሉ። ነገ ስንት ሰዓት ላይ? ሰዓት የሌለው ነገ፣ ነገ አይደለም።»

ሁለት ወር ሳይከፈለኝ አለፈ። ሦስተኛው ሲጋመስ ማዳም ሳሎን ተቀምጣ ስልኳን እያየች ነበር። እግሯ ተነባብሯል። መነጽር ብቻ ነው የቀራት። ሳቄን ዋጥኩና ገባሁ። ራቲቢ አልኩ። ቡክራ አለች። ሳዓ ከም? አልኩ። ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች። ባሏን ጠርታ ነገረችው። እሱም ሳቀ። ሐሙስ ማታ የሁለቱም ወር ገባልኝ፣ 2,000 ሪያል። ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ከመዘግየቱ በቀር አልተቋረጠም።

ይሄንን ስጽፍ ግን እያስተካከልኩ ልጻፍ። ከእኛ አጥር ቀጥሎ ያለው ቤት የምትሠራ የሐርቡ ልጅ ነበረች። ማታ ቆሻሻ ልናወጣ ስንወጣ እንገናኛለን። እሷም ራቲቢ ብላለች፣ ሳዓ ከምም ብላለች። ሰባት ወር አልተከፈላትም። እኔን ቃሉ ብቻ አላዳነኝም፤ ቤቱም ነው። ለእሷ የሠራላት 19911 ነው፤ የሳዑዲ የሰው ኃይል ሚኒስቴር የአቤቱታ ስልክ። ቁጥሩን የነገረቻት አንዲት ኬንያዊት ናት። እዚያ እንደደረስን የምንደውልበት ቁጥር ሃያ አንዱም ቀን ውስጥ፣ ከሞጁሉም ከእትዬም አልተነገረንም። የማሰልጠኛው ትልቁ ጉድለት ይሄ ነው እላለሁ። አንድ ቁጥር ግድግዳ ላይ መጻፍ ስንት ብር ይፈጃል?

ሁለተኛው ጉድለት ሊገድለኝ ነበር። በመጀመሪያው ወር መታጠቢያ ቤት ሳጸዳ ነጭ እንዲሆን ብዬ የሽንት ቤት ማጽጃውን አሲድ ደፋሁ፣ አልበቃኝም፣ በላዩ በረኪና ጨመርኩ። መስኮት የለም። ትንፋሼ ቆመ። ዓይኔ ተቃጠለ። በደረቴ እየተሳብኩ ኮሪደር ላይ ወጣሁ። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ እንደሚወጣና ሳንባ እንደሚያቃጥል የቤቱ ሾፌር ነው የነገረኝ። ሁለቱን አታደባልቁ። ሌላው ሁሉ ከጠፋባችሁ ይሄንን ያዙ። የጽዳት ትምህርታችን አራት ቀን ነበር፤ ሦስቱን መስታወት በጋዜጣ መወልወል ነው የተማርነው።

ስለ አረጋውያን እንክብካቤ አንድ ቀን ተኩል ተምረናል፣ አንድ እጅ በሌለው አሻንጉሊት ላይ። ውሌ ላይ ቤተሰቡ አራት ሰው ይላል። ስደርስ ዘጠኝ ናቸው። ዘጠነኛዋ አያቲቱ ናቸው፤ ስኳር አለባቸው፣ ኢንሱሊን ይወጋሉ። መርፌ ይዤ አላውቅም። በመጨረሻ ግን ከዚያ ቤት የናፈቁኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ቡናቸው ቀለሙ እንደ ሻይ የሳሳ፣ ሄል የበዛበት ነው፤ ገህዋ ይሉታል። እናቴ የሰጠችኝን ቡና አንድ ቀን ቆላሁላቸው። የጣሪያው የጭስ ማስጠንቀቂያ ጮኸ፣ ቤቱ በሙሉ ወደ ግቢ ወጣ። አያቲቱ ግን ካልጋቸው ሆነው «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» እያሉ ጭሱን ወደ ፊታቸው ይስቡት ነበር።

ስለ ቋንቋው ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። በደረስኩበት ዕለት አባወራው ስልክ ላይ «አብሽር፣ አብሽር» ይላል። ደንግጬ ሰው ሞቶበት የሚያጽናና መሰለኝ። እኛ ወሎ አብሽር የምንለው ለደነገጠ፣ ለታመመ፣ ላዘነ ሰው ነው። እዚያ «እሺ፣ ይደረጋል» ማለት ነው። መንግሥታቸው ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ምናምን የሚያስጨርስበት አፕ ራሱ አብሽር ይባላል። ለሴት ሲሆን እነሱም እንደኛው «አብሽሪ» ነው የሚሉት። አያቲቱ ውሃ አምጪልኝ ካሉኝ በኋላ «አብሽሪ በይ» ብለው አስተማሩኝ። እኔ አብሽሪ ስላቸው በልቤ አይዞዎት እያልኳቸው ነበር። የስልጠናው አረብኛ ጥሩ ነበር ማለት አልችልም። ግማሹ የቤሩት አረብኛ ነው፤ ሪያድ ላይ ይስቁብኝ ነበር። ወሎ ያደገ ሰው ግን ከማሰልጠኛው ይልቅ ከመንዙማና ከሰላምታው ብዙ ይዞ ነው የሚሄደው።

ሦስተኛውን የእትዬ ትምህርት ለመጨረሻ ያቆየሁት በገንዘብ ሲሰላ ትልቁ እሱ ስለሆነ ነው። «ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት የባንክ ደብተር አውጡ» አለች። «አንዱን ቤተሰብ ይወቀው። ሌላውን እናንተና ፈጣሪ ብቻ እወቁት።» ክፍሉ አጉረመረመ። ከእናት መደበቅ ኃጢአት አይደለም ወይ አለች አንዷ። እትዬ የቤሩት ስድስት ዓመቷን ነገረችን። የላከችው ሁሉ ገብቷል። ወንድሟ አግብቶበታል፣ ቤት ታድሶበታል፣ ሙግት ተሞግቶበታል። ስትመለስ የራሷ የሆነ አንድ ማንኪያ አልነበራትም። ይሄንን ስትናገር ድምጿ አልተቀየረም። የአውቶቡስ ሰዓት የምትነግረን ነበር የሚመስለው።

በዚያው ሳምንት ሁለት ደብተር አወጣሁ። ከደመወዜ 700 ሪያሉ ለቤት፣ 300ው ለሁለተኛው። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው በሀዋላ ላኪ ይለኝ ነበር፤ በጥቁር ገበያው ብዙ ብር ስለሚሰጥ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል የባንኩ ዋጋ ተወረወረ፣ በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነትም ጠበበ። ከዚያ ወዲህ በባንክ ብቻ ላክሁ። የመጀመሪያው ደብተር ዛሬ ባዶ ነው። አልቆጭም፤ እናቴ ታክማበታለች፣ ታናሼ ተምሮበታል፣ የባጃጅ ግማሽ ዋጋም ሆኗል። ሁለተኛው ደብተር ግን አሁን የምሰፋበት ሲንጀር፣ ኦቨርሎክና የስድስት ወር የሱቅ ኪራይ ሆኗል። እናቴ ስትሰማ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። በአራተኛው ቀን ቀሚሷን ይዛ መጣች፣ አሳጥሪልኝ ብላ።

አሁን ወደ ኤጀንሲው። አጭር ነው።

ውሉን የፈረምኩት አዲስ አበባ ነው። አሥራ ሁለት ሴቶች ተሰልፈን፣ «እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ» እያሉን ፈረምን። ሳነበው ይቸኩሉብኛል። ስልኬን አውጥቼ እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አነሳሁና ለወንድሜ ላክሁለት። ፓስፖርቴንም አብሬ አነሳሁ። አንዷ ሠራተኛ ደስ አላላትም፤ አልከለከለችኝም። ሪያድ አየር ማረፊያ ላይ ፓስፖርቴን ሲወስዱት ፎቶው እጄ ላይ ነበር። የሐርቧ ልጅ ግን ደመወዟ ስንት እንደተባለ የሚያሳይ አንድ ወረቀት አልነበራትም።

ከዚያ በፊት ግን ኤጀንሲው «ለፕሮሰስ» ብሎ ገንዘብ ተቀብሎኛል። ደረሰኝ የለም። ከተመለስኩ በኋላ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጁን፣ ቁጥር 923/2008ን፣ አንድ የሕግ ተማሪ የአክስቴ ልጅ አነበበልኝ። ሠራተኛዋ የምትከፍለው ለፓስፖርት፣ ለጤና ምርመራ፣ ለክትባት፣ ለልደት ሰርተፍኬት፣ ለብቃት ምዘናና ለሰነድ ማረጋገጫ ነው። ቪዛው፣ የደርሶ መልስ ትኬቱ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱ፣ መድኅኑ የአሠሪው ነው። ሁለቴ አስነበብኩት። ፕሮሰስ የሚባል ነገር በየትኛውም መስመር የለም።

ስንሸኝ ሁለት ስልክ ቁጥር ያለበት ካርድ ሰጡን። «ማንኛውም ችግር ሲገጥማችሁ፣ ሃያ አራት ሰዓት» ተብሎ ተጽፎበታል። በበረኪናው ቀን ደወልኩ፣ ጥሪ አይቀበልም። ደመወዝ በዘገየ ጊዜ ደወልኩ፣ ተነስቶ «ስብሰባ ላይ ነን» ተባልኩ። ረመዳን ላይ ደወልኩ። ያኔ የነበረው የሳዑዲ ደንብ የቤት ሠራተኛ በቀን ቢያንስ ዘጠኝ ሰዓት ትረፍ ይል ነበር፤ እኔ አራት ሰዓት ነበር የምተኛው። ሳንቡሳው፣ ሹርባው፣ እንግዳው፣ ሱሑሩ። ማንም አላነሳም። በአሥራ አራተኛው ወር እነሱ ራሳቸው ደወሉልኝ። ልቤ ራርቶ አልሐምዱሊላህ፣ አስታወሱኝ አልኩ። «መሄድ የሚፈልግ እህት አለሽ ወይ?» ነው ያሉኝ።

ለኤጀንሲው ኮከብ የለም። ለማሰልጠኛው ሕንጻና ዕቃ አንድ። ለእትዬ አምስትም ያንሳታል። ድምሩን እናንተ አውጡት።

ከመመዝገባችሁ በፊት የሚጠቅሙ ጥቃቅን ነገሮች ልበልና ልጨርስ። ስመለስ እትዬን ላመሰግን ሄጄ ነበር። የለችም። ለቃለች አሉኝ፣ የት እንደሄደች የሚያውቅ አላገኘሁም። ማሽኑ ላስቲኩ ተነስቶለታል፣ ውሃም ገብቶለታል፤ በዓይኔ ሲሽከረከር አይቻለሁ። ካላንደሩ ግን ግድግዳው ላይ የለም። ስለዚህ ስትመዘገቡ ስለ ሕንጻው አትጠይቁ፤ የምታስተምረን ማን ናት፣ ራሷ ሠርታ ታውቃለች ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ምንም የማታውቅ ከሆነች ሌላ ቦታ እዩ። ለጎረቤታችን ልጅ ባልዲውንና ካውያውን በልብስ መለኪያ ወረቀት ላይ ስዬላታለሁ። 19911ንም ከሥሩ ጽፌበታለሁ። ሌላ የሚፈልግ ካለ ሱቄ ክፍት ነው፤ ዓርብ ከሰዓት በፊት ብቻ እዘጋለሁ።

ጋቢ ያዙ፤ ካርቶኑ አሁንም አልተነሳም። ቀድማችሁ ግቡ፤ ወንበሩ አሁንም ያው ሃያ ስምንት ነው። ቁርስ ደግሞ ቤት በልታችሁ ሂዱ። ከሕንጻው ሥር ያለችው ሴትዮ ሳንቡሳ ትሸጣለች፤ ሊጡ ጥሩ ነው፣ ዘይቷን ግን አትቀይርም።